ወንዙን የበከልኩበት ዓመት

አያቴ ዢልቤርቶ ፉርታዶ ቤቱን ሠርቶ ከገባበት ቀን ጀምሮ የናስኬትን ወንዝ ሲበክል ኖሯል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት ደግሞ ወንዙን ከብክለት ለማዳን የተቋቋመው የከተማው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ነው የበከለው። ነገሩን ሳላለሳልስ የምናገረው እሱም ማለሳለስ ስለማይወድ ነው፤ የሌላ ሰው ጥፋት ሲሆን ማለቴ ነው።

እኔ ግን ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንዙን የበከልኩት እኔ ነበር የሚመስለኝ።

እንዲሁ ከመሬት ተነስቼ አልነበረም። ሙቀቱ በበረታባቸው ወራት፣ ከአያቴ ቤት ፊት ለፊት ውሃው ላይ ከተሠራው የእንጨት መድረክ እየዘለልኩ ወሽመጡ ውስጥ ስንቦራጨቅ እውል ነበር። ሽንቴ ሲመጣ ከውሃው ወጥቶ፣ ድንጋዩን ተራምዶ፣ የጎመኑን መደብ ዞሮ፣ የእግር ጭቃ ጠርጎ ቤት መግባት ያደክማል። ስለዚህ እዚያው እለቀዋለሁ። ለአፍታ ሞቅ ይላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ ማን ያያል? መስከረም ላይ ግን መድረኩ አጠገብ ቀይ ሰሌዳ ተተከለ። ማንበብ ገና እየለመድኩ ስለነበር ፊደሉን አንድ በአንድ እየገጣጠምኩ አነበብኩት። «ተዘግቷል። ውሃው በሰው ሽንትና ሰገራ ተበክሏል። ክላም ማውጣት ክልክል ነው።»

ከሰገራው ነፃ ነበርኩ። በሽንቱ ግን እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁ።

ሰሌዳውን የተከለችው ደግሞ እናቴ ነበረች።

እናቴ ናታሊያ የከተማው የዛጎል ዘበኛ ናት። ሌላ ቦታ የሥራዋን ስም ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ከፖሊስ አዛዡ ይልቅ የምትፈራው እሷ ናት። ወንዛችን ባሕሩ ጋ ሲደርስ ይሰፋና ይሰንፋል፤ ጣፋጩና ጨዋማው ውሃ ተቀላቅሎ ሰፊ ወሽመጥ ይሆናል። በየቀኑ ባሕሩ ሲሸሽ የወሽመጡ ጭቃ ይገለጣል፣ ሲመለስ ይሸፈናል። ጭቃው በተገለጠ ሰዓት የከተማው ግማሽ ቦቲ ጫማውን አጥልቆ፣ ባልዲና መቆፈሪያ ይዞ፣ ክላም የሚባለውን ዛጎል ሊያወጣ ይገባል። ክላም ለእኛ እራት ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ የሠርግ ድግስ ነው። እናቴ ከወገቧ የምታንጠለጥላት የብረት ቀለበት አለች። በቀለበቷ ሾልኮ የሚያልፍ ክላም ገና ሕፃን ነው፤ እሱን የለቀመ ሰው ይቀጣል። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ጎልማሶች እናቴን ሲያዩ ባልዲያቸውን ከኋላቸው ሲደብቁ አይቻለሁ።

አሁን ግን የሚደበቅ ባልዲም አልነበረም። ወሽመጡ ተዘግቷል፣ ሰዎቹ ሥራ ፈትተው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ በውሃው ዳር ያሉት ቤቶች በሙሉ አንድ በአንድ እንዲመረመሩ ወሰነ።

ምርመራው ቀላል ነው። እናቴ ሰው ቤት ትገባለች፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ የአረንጓዴ ቀለም እንክብል ትጥልና ውሃውን ትለቃለች። ከዚያ ዳርቻው ላይ ወርዳ ትጠብቃለች። የቤቱ የፍሳሽ ጉድጓድ ደህና ከሆነ ቀለሙ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ደህና ካልሆነ ወሽመጡ ላይ ብቅ ይላል። ይህ የሚታየው ግን ባሕሩ ሸሽቶ ውሃው ሲሳሳ ብቻ ነው። ባሕሩ ከተመለሰ በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ቀለም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ በእራት ሰዓት የሰማሁት የንግግሯን ጭራ ብቻ ነበር። «አረንጓዴው ራሱ ጥፋተኛውን ያሳየናል» አለች እናቴ፣ ዳቦዋን ሾርባ ውስጥ እየነከረች። ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ብሬንዳን ጠየቅኋት። ብሬንዳ አራተኛ ክፍል ስለሆነች የማታውቀው ነገር አልነበረም።

«መዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚጨምሩት ነው» አለችኝ። «የሸናሽ እንደሆነ ዙሪያሽን ይከብሻል። ብትሸሺ ይከተልሻል።»

«ከቆየስ?»

«ቢቆይም።»

«በጣም ከቆየስ? አምና ቢሆንስ?»

ብሬንዳ ዓይኗን አጠበበች። «አምና ማን ሸና?»

«ዝይ» አልኳት።

ዝይን ከአያቴ ነው ያመጣሁት። አያቴ፣ እኔ ቮቮ የምለው፣ ሌላው የሰፈር ሰው ግን በእኛ ፖርቱጋሎች ወግ «ቲዮ ዢል» እያለ አጎቱ የሚያደርገው፣ ስለ ወሽመጡ መበከል ጽኑ አቋም ነበረው። ጥፋተኞቹ ዝዮች ናቸው። ከዝዮቹ ቀጥሎ ለሙቀት ወራት ብቻ የሚመጡት ሀብታሞች ውሾች። ከውሾቹ ቀጥሎ ከእኛ በላይ፣ ወንዙ ዳር ያለችው ከተማ፣ እሱ ፈጽሞ ስሟን የማይጠራት። በሊቀመንበርነቱ ኮሚቴውን አሳምኖ ዝይ የሚያስፈራሩ የፕላስቲክ ቀበሮዎች አስገዛና ዳርቻው ላይ አስተከለ። በሳምንቱ ዝዮቹ የቀበሮዎቹ ጀርባ ላይ ወጥተው ክንፋቸውን ሲያደርቁ ታዩ። አያቴ ይህንንም እንደ ማስረጃ ቆጠረው። «ንቀታቸውን አያችሁ?» ይል ነበር።

ለኮሚቴው ስብሰባ ቡኒ ክራቫት ያስራል። አገራችን ከሚላቸው ደሴቶች በጎረምሳነቱ ሲመጣ ደንብና ሥርዓት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ነው በፍቅር የወደቀለት። ማን መጀመሪያ ይናገራል፣ ማን ይደግፋል፣ እጅ ስንት ጊዜ ይቆጠራል፣ ይህን ከጸሎት እኩል ያውቀው ነበር። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቤቱንም፣ አጥሩንም፣ ከመሬት በታች ያለውንም በገዛ እጁ ነው የሠራው። ያ «ከመሬት በታች» የሚለው በቤተሰባችን ወሬ ውስጥ ፈጽሞ አይነሳም ነበር።

የእሱ ቤት ተራ ሲደርስ እናቴ እኔን አስከትላ መጣች።

«አባዬ፣ ዛሬ አንተ ጋ ነኝ» አለች፤ የእንክብሉን ከረጢት እያሳየችው።

«ግቢ፣ ግቢ! የመንግሥት ሥራ አይከለከልም። መጀመሪያ ግን ቅመሽ።»

«ውሃው ሸሽቷል፤ ቶሎ ልጨርስ።»

«ውሃው የትም አይሄድም፣ ይመለሳል። ሾርባው ነው የሚቀዘቅዘው።»

የጎመን ሾርባ ነበር፤ ቋሊማና ድንች ያለበት። አንድ ሳህን ጠጣች። ሌላ ጨመረላት። በልጅነቱ ገደል ገብታ ባሕር ላይ ስትዋኝ ስለተገኘችው ላም ነገራት፤ ይህችን ላም ሁላችንም እናውቃታለን፣ በዚያን ዕለት ግን ላሚቱ ከወትሮው ብዙ ርቃ ዋኘች። አያቴ እያወራ በመስኮት ያያል፣ ይጨልፋል፣ ደግሞ ያያል። ውሃው የመድረኩን እግሮች ውጦ ሲጨርስ ጭልፋውን አስቀመጠና እጁን አጨበጨበ።

«በይ እንግዲህ፣ ሥራሽን ሥሪ!»

«ሞልቷል እኮ አባዬ። አሁን ምን ይታየኛል?»

«ወይኔ! እኔም በወሬ ያዝኩሽ።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ቀድሞ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ጠበቃት። ጋዜጣ ሲገልጥ ይሰማል።

«አባዬ፣ ትቆያለህ?»

«ሆዴን ነው ልጄ። ዕድሜ ነው። ምድጃው ላይ ሾርባ አለልሽ።»

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ልቤ በምስጋና ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቮቮ አውቆብኛል። ከመድረኩ ላይ ሆኖ ስዋኝ ያየኝ ነበር፤ ፊቴ ላይ ያቺን መረጋጋት አንብቧል። አረንጓዴው እንዳያገኘኝ በገዛ ሆዱ እየዋሸ፣ በገዛ ልጁ ላይ በር ዘግቶ እየተከላከለልኝ ነው።

አመሻሹ ላይ ጎመኑ መሐል ብቻውን አገኘሁት።

«ቮቮ፣ አረንጓዴው ያጠፋውን ሰው ማግኘቱ አይቀርም?»

መኮትኮቻውን አቆመ። ወደ መድረኩ አየ፣ ወደ ቤቱ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «ማን ምን አለሽ?»

«ማንም። ግን አውቃለሁ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«አንተ የምታውቀውን።»

አጎንብሶ ፊቱን ፊቴ ጋ አደረገ። ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። «ለእናትሽ ነግረሻል?»

«ሞቼ ነው!»

«ጎበዝ። የቤታችን ነገር ከቤታችን አይወጣም። ገባሽ?» ከዚያ ወደ ቤት አስገብቶ ጣፋጭ ዳቦ በወፍራሙ ቆርሶ፣ ቅቤ ቀብቶ ሰጠኝ።

መድረኩ ሥር፣ ውሃው ሲሸሽ እንኳን የማይገለጠውን የሽንት ቤቱን ቧንቧ አፍ ስዋኝ ያየሁ መስሎት ነበር። እኔ ቧንቧ መኖሩንም አላውቅም። ሁለታችንም በየራሳችን ወንጀል ምለን ተማምለን ተለያየን።

እናቴስ ታውቅ ነበር? ካደግሁ በኋላ ጠይቄያታለሁ። «ሾርባው ጥሩ ነበር» ነው ያለችኝ፤ ከዚያ በላይ አላወጣሁባትም።

ጣጣውን ያመጣው ኖርማን ፓቼኮ ነው። ኖርማን ክላም ከመቆፈር ሌላ ሥራ የማያውቅ፣ ድምፁ ከወሽመጡ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ እናቴን አቆማት።

«ናታሊያ፣ የሰፈሩን ሁሉ ሽንት ቤት አይተሻል። የእኔን አይተሻል። የአማቴን እንኳን አይተሻል፤ እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት አላየሁትም።»

«ሥራዬ ነው፣ ኖርማን።»

«የአባትሽስ?»

«ቀጠሮ ይዘናል።»

«ቀጠሮ! ልታገቢው ነው እንዴ? ስሚ፣ የብክለቱ ምንጭ በዚህ ወር ካልተገኘ የክልሉ ሰዎች ወሽመጡን ሦስት ዓመት ሊዘጉት ነው። አንቺው ነሽ የነገርሽን። ሦስት ዓመት ምን እየበላሁ ልቆይ? ዝይ?»

ከኋላው የቆሙት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች አላየሁም፣ «የአባትና የልጅ ሥራ» ስትል ሰማሁ። የእናቴ ጆሮ ቀላ። የያዘችውን ዳቦ ጨምቃ ጨምቃ ቅርጹን አጠፋችው።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። እንድትጽናና ብዬ፣ ቤተሰባችን ውስጥ ምን ያህል ጥሩ ሰው እንዳለ ላስታውሳት ፈለግሁ።

«ቮቮ እኮ በጣም ይወደናል» አልኳት። «ሾርባ ሲሰጥሽ እንኳን ዝም ብሎ አይደለም። መጀመሪያ ውሃውን ያያል። ውሃው ገና ከሆነ ይጨምርልሻል። ሲሞላ ነው የሚያቆመው።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ የተጨመቀውን ዳቦ ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝና መኪናውን አስነሳች።

በቀጣዩ ቅዳሜ የወንዝ ቀን ነበር። ኮሚቴው በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ ዳርቻውን የሚሸረሽረው ውሃ ኃይሉ እንዲበርድ የረግረግ ሣር ያስተክላል። ሣሩ የሚተከለው ጭቃው ሲገለጥ ስለሆነ ቀኑም ሰዓቱም ባሕሩ በሚሸሽበት ተመርጧል፤ የመረጠው አያቴ ነው። ቦታው ከእሱ ቤት ፊት ለፊት፣ ያንንም የመረጠው አያቴ ነው። አድናቂ ስለሚወድ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ጥሩምባ ነፊዎቹን ልኳል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ የምክር ቤቱ አባላት አዲስ ቦቲ ገዝተው መጥተዋል። እኔ ቀዩን ቦቲዬን አድርጌ፣ የሣር ችግኝ ይዤ፣ መድረኩ ሥር ባለችው ቀጭን ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ።

አያቴ ክራቫቱን አስሮ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ማይክራፎኑን እንደ ሕፃን ልጅ በሁለት እጁ ያዘው።

«ወገኖቼ! ይህ ወንዝ የማን ነው? የሁላችንም ነው! ማን ነው የሚያድነው? ሁላችንም ነን! በዚህ ከተማ ከሕግ በላይ የሆነ ቤት የለም! የተዘጋ በር የለም!» ሕዝቡ አጨበጨበ። እሱም ጭብጨባው ደስ ብሎት ያለ አስፈላጊነት ቀጠለ። «ሐሳብ ያለው ካለ እጁን ያንሳ!»

እናቴ የደንብ ልብሷን ለብሳ ሕዝቡ መሐል ቆማ ነበር። እጇን አነሳች።

በእኛ ከተማ እጁን ያነሳ ሰው ይናገራል። ሊቀመንበሩ የሚወደውን መርጦ የማይወደውን ማለፍ አይችልም፤ አያቴ ይህን ሕግ በሰው ሁሉ ላይ ሲያስከብር ኖሯል። ሌላ እጅ ፈለገ። አልነበረም።

«ናታሊያ ፉርታዶ» አለ በመጨረሻ።

«ሊቀመንበር፣ በውሃው ዳር ካሉት ቤቶች ያልተመረመረው የእርስዎ ብቻ ነው» አለች። እርስዎ ስትለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «አሁኑኑ እንዲመረመር ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«እደግፋለሁ!» አለ ኖርማን፤ ማይክራፎን አላስፈለገውም።

አያቴ ወሽመጡን አየ። ውሃው ሸሽቶ ሸሽቶ የማዶው ጭቃ ፀሐይ ላይ ያበራል። ለመመለስ ብዙ ሰዓት ይቀረዋል።

«ቤት ውስጥ ሾርባ ጥጃለሁ…» ብሎ ጀመረ።

«በልቼ መጥቻለሁ።»

ሐሳብ ቀርቦ ከተደገፈ ድምፅ ይሰጥበታል። ይህንንም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ትከሻውን አቀና። በገዛ ሽንት ቤቱ ላይ ሕዝቡን ድምፅ ሊያሰጥ ነው፣ ግን በሥርዓቱ ነው የሚያሰጠው።

«የምትደግፉ» አለ።

የእጅ ጫካ ቆመ። ጥሩምባ ነፊዎቹም ጥሩምባቸውን አነሱ።

«የምትቃወሙ?»

አንድ እጅ ተነሳ። የእኔ ነበር። ችግኙንም እንደያዝኩ ነው ያነሳሁት።

«አንድ ተቃውሞ» አለ አያቴ ልቡ ተነክቶ።

«ዕድሜዋ አልደረሰም!» ጮኸ ኖርማን።

«ተመዝግቧል» አለ አያቴ፣ ማንም የሚመዘግብ ሳይኖር።

እናቴ ቤቱ ገባች። የሽንት ቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበር ውሃው ሲለቀቅ ሁላችንም ሰማነው፤ እንዲያ ያለ ዝምታ በቤተ ክርስቲያን እንኳን አልሰማሁም። አያቴ ማይክራፎኑን አልለቀቀም። «እስከዚያው» አለ «ጎመኑን ላስጎብኛችሁ? ዘንድሮ የሰው ቁመት ደርሷል። ሁላችሁም ወደዚህ፣ ጀርባችሁን ወደ ውሃው አድርጋችሁ…» ማንም ጀርባውን አላዞረም።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ቅርብ ስለነበርኩ። መድረኩ ሥር ካሉት ድንጋዮች መሐል አንዲት ክር ብቅ አለች፤ አረንጓዴ፣ ግን በተፈጥሮ ውስጥ የሌለ አረንጓዴ፣ ልጆች ብቻ የሚበሉት ዓይነት ከረሜላ የሚመስል። ክሯ ወፈረች፣ ተጠመዘዘች፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። ተከተለችኝ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ውሃው ወደዚያው ይወርድ ነበርና እሷም ወደ ግራ ሄደች። ቀዩን ቦቲዬን ዙሪያውን ከበበችው። ብሬንዳ ልክ ነበረች።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ የሸናሁት! አምና ነው! ቮቮ ምንም አላደረገም፣ እኔን ሊያድነኝ ነው! ወሽመጡን ያዘጋሁት እኔ ነኝ!»

ከተማው በሙሉ አየኝ። ከዚያ ከተማው በሙሉ አያቴን አየ።

አንድ ክቡር ሰው እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አያቴ ግን ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ልጅ ናት፣ ወገኖቼ» አለ፣ በሚያሳዝን ድምፅ። «ልጅ ያጠፋል። ይቅር እንበላት።»

«ቲዮ ዢል!» አለ ኖርማን። «እርስዎ፣ ይህቺ ልጅ ናት ወይስ ፈረስ?»

ሳቁ ከጫፍ ተነስቶ ጥሩምባ ነፊዎቹ ጋ ሲደርስ አንዱ ልጅ መሬት ላይ ተዘረጋ። እኔ አለቅስ ነበር፤ የሚስቁት በእኔ መስሎኝ። ግማሹ በእኔ ነበር።

እናቴ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ከቤት ወጣች። ውሃውን አየች፣ እኔን አየች፣ አባቷን አየች። መድረኩ ላይ ወጥታ እጇን ዘረጋች።

«ማይኩን ስጠኝ፣ አባዬ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

ሰጣት። እሷም ድምፅዋን ሳትጨምር «ምንጩ ተገኝቷል» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከዚያ ያጨበጨበው በማን ላይ እንደሆነ አስታውሶ እጁን ሰበሰበ። ኖርማን ብቻ ቀጠለ፤ ጥቂት አጨብጭቦ እሱም አፈረ። እናቴ ወርዳ ከአረንጓዴው ውስጥ አንስታ አቀፈችኝ፤ የደንብ ልብሷን የነከረው ቀለም እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ቧንቧው ተቆፍሮ ወጣ። እውነተኛ የፍሳሽ ጉድጓድ እስኪሠራ ድረስ አያቴ የቤቱን ሽንት ቤት እንዳይጠቀም ትእዛዝ ወጣ፤ የፈረመችው እናቴ ናት። ትእዛዙን ተከትሎ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽንት ቤት በጭነት መኪና መጣ፤ የግንባታ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል። የሚያጸዳው መኪና ጎመኑን ረግጦ ማለፍ ስለማይችል፣ አያቴም ጎመኑ እንዳይነካ ስለከለከለ፣ ከግቢው ውጭ መንገዱ ዳር ላይ ቆመ። ወደ ወሽመጡ የሚወርድ ሰው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ከሊቀመንበርነቱ ግን አልወረደም። «ሊቀመንበር ቧንቧ አይኖረውም የሚል ደንብ አሳዩኝ» አለ። አልነበረም፤ በቀጣዩ ስብሰባ ተጨመረ፣ እሱ ራሱ ድምፅ አስቆጥሮ። እናቴን ግን አያናግራትም ነበር። ሾርባም ቀረ። እሑድ እሑድ እሷ በሩ ላይ ታደርሰኛለች፣ እሱ ይቀበለኛል፣ ከእኔ ራስ በላይ ሁለቱም ወደየአቅጣጫው ያያሉ።

እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ቅጣቴን እሱ ተቀብሎልኛልና። በዝናብ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ በመንገደኛ ፊት የሚሄደው ስለ እኔ ነው።

«ቮቮ፣ በእኔ ምክንያት ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ወደ ባሕሩ ሩቅ ተመለከተ። «ቤተሰብ ማለት እንዲህ ነው» አለኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር መቼም ይቅር አልለውም። እናቴ እውነቱን እስክትነግረኝ ድረስ፣ ያም ዓመታት ፈጅቷል፣ በየገናው ለእሱ የምገዛው ስጦታ ከሁሉም የበለጠ ነበር።

ውሃው ከጠበቁት በላይ ቶሎ ጠራ። የሙቀቱ ወራት ሲገቡ የክልሉ ሰዎች በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ፣ ደግመው ቀዱ፣ ከዚያ ወሽመጡ ይከፈት አሉ። በተከፈተበት ጠዋት ጭቃው ገና መገለጥ ሲጀምር ፒክአፖቹ መንገዱን ሞልተው ከአያቴ አጥር ጥግ እስከ ድልድዩ ተሰልፈዋል። ቦቲ፣ ባልዲ፣ መቆፈሪያ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። እናቴ ቀዩን ሰሌዳ ነቅላ የመኪናዋ ኋላ ላይ ጣለችው፤ ኖርማን ባልዲውን አየር ላይ ወረወረና ቀለበው። እኔ መኪናው ላይ ተቀምጬ ነበር።

ያኔ የአያቴ በር ተከፈተ። ረጅም የቤት ካባውን ለብሷል፣ ጋዜጣውን በብብቱ ይዟል። መንገዱ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመልሶ ይገባ ነበር። እሱ ግን የግቢውን መንገድ ይዞ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ግራና ቀኝ ለቆሙት እያንዳንዳቸው በስማቸው እየጠራ እንደምን አደራችሁ እያለ። እናቴ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ያን ሁሉ ወራት አንድ ቃል አልተነፈሰላትም ነበር።

«ወረቀት አልቋል» አላት።

እናቴ በመኪናዋ መስኮት እጇን ሰዳ ጥቅል የሽንት ቤት ወረቀት አወጣችና ሰጠችው።

«ባሕሩ ሲመለስ ብቅ በይ» አለ፤ ጥቅሉን እያገላበጠ። «ሾርባ ጥጃለሁ።»

«ሲሸሽ ነው የምመጣው» አለችው።

አሰበበት። «ሲሸሽም ይሁን።»

ከዚያ ጋዜጣውን አስተካክሎ ወደ ሰማያዊው ሽንት ቤት አመራ። ኖርማን አልቻለም፤ እስከዚያ ድረስ መታገሱም ይገርማል።

«ሊቀመንበር! ዛሬ ስብሰባ አለ እንዴ?»

አያቴ የፕላስቲኩን በር ከፈተ። ወደ ውስጥ አንድ እግሩን አስገብቶ ዞረና፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ።

«ዝግ ስብሰባ ነው» አለና በሩን ዘጋው።